«ክብደት ቀንሺና ከጡት ካንሰር ዳኚ» ለምትሉ ሁሉ



ዛሬ ረዘም ያለ ነገር ነው የምጽፈው። ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት። ጊዜ የሌላችሁ ይቺን ብቻ ይዛችሁ ሂዱ፦ የወር አበባዋን ገና የምታይ ሴት ክብደት ስለቀነሰች ብቻ ከማረጧ በፊት ከሚመጣው የጡት ካንሰር ትጠበቃለች የሚል አስተማማኝ ማስረጃ የለም። «አለ» የሚላችሁ ሰው ወይ አላነበበም፣ ወይ የሚሸጠው ነገር አለው።

ይህንን ያስጻፈኝ በአንድ ወር ውስጥ አራት ሰዎች የላኩልኝ ቪዲዮ ነው። ነጭ ጋዋን የለበሰች ልጅ፣ አንገቷ ላይ ማዳመጫ ያንጠለጠለች፣ ከፊቷ የሻይ ፓኬት ደርድራ «እህቴ፣ ቦርጭሽ ነገ የጡት ካንሰር ነው! ዛሬውኑ ቀንሺ!» ትላለች። ከታች የስልክ ቁጥር፣ የዋጋ ዝርዝር፣ «ዴሊቨሪ አለን»። እኔን ያንገበገበኝ ግን ማስታወቂያው አይደለም። አስተያየቶቹ ናቸው። «28 ዓመቴ ነው፣ ስንት ፓኬት ይበቃኛል?» «እናቴ በጡት ካንሰር ነው የሞተችው፣ እኔ ደግሞ ወፍራም ነኝ፣ እባክሽ መልሽልኝ።» ይቺ ሁለተኛዋ ልጅ ሐኪም ዘንድ መሄድ ያለባት በእናቷ ታሪክ ምክንያት ነው። የተመለሰላት ግን የሻይ ዋጋ ነው።

በሉ እንግዲህ ከመሠረቱ እንጀምር።

የጡት ካንሰርና ክብደት ግንኙነት አላቸው ወይ? አዎ፣ አላቸው። ግን ግንኙነቱ ሴቲቱ ከማረጧ በፊትና ካረጠች በኋላ አንድ ዓይነት አይደለም። ተቃራኒ ነው። ደግሜ ልጻፈው፦ ተቃራኒ ነው።

ካረጠች በኋላ ያለው ግልጽ ነው። የዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2016 ከመጠን ያለፈ ውፍረት ከ13 የካንሰር ዓይነቶች ጋር የተያያዘ መሆኑን ሲያስታውቅ፣ የጡት ካንሰርም ዝርዝሩ ውስጥ ነበረ። ግን «ካረጡ በኋላ የሚመጣ የጡት ካንሰር» ተብሎ ነው የተጻፈው። ሻይ ሻጮቻችን «ካረጡ በኋላ» የምትለዋን ቆርጠው ጥለው የቀረውን ይዘው ገበያ ወጡ።

ከማረጥ በፊት ያለውስ? እ.ኤ.አ. በ2018 አንድ ትልቅ ጥናት ታትሟል። ከተለያዩ አገሮች 19 የረጅም ጊዜ ክትትሎችን አንድ ላይ አድርጎ፣ 758,592 ያላረጡ ሴቶችን መረጃ የመረመረ ነው። ከእነዚህ መሃል ከ13 ሺህ በላይ የሚሆኑት በጡት ካንሰር ተይዘዋል። ውጤቱ ብዙ ሰው አይወደውም፦ ክብደታቸው ከፍ ያለ ሴቶች ከማረጣቸው በፊት በጡት ካንሰር የመያዝ ዕድላቸው ዝቅ ያለ ሆኖ ነው የተገኘው። በተለይ ከ18 እስከ 24 ዓመት ባለው ዕድሜ የነበራቸው ክብደት ሲታይ፣ የቁመትና የክብደት ምጣኔው (ቢኤምአይ የምንለው) በ5 ነጥብ በጨመረ ቁጥር ዕድሉ በ23 በመቶ ይቀንሳል። 5 ነጥብ ማለት ቁመቷ 1 ሜትር ከ60 ለሆነ ሴት ወደ 13 ኪሎ ገደማ ነው። ይህ ዝምድና ወፍራም በሆኑት ላይ ብቻ አይደለም የታየው፤ ወፍራም ባልሆኑትም ላይ ታይቷል።

«እሺ፣ ያ ስለ ክብደት ነው፤ ስለ መቀነስስ?» ትሉኝ ይሆናል። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ክፍል ውስጥ ብትጠይቁኝ ደስ ይለኝ ነበር። እነዚሁ ተመራማሪዎች ይህንኑ ጥያቄ ይዘው ተመልሰው፣ እ.ኤ.አ. በ2020 የ628,463 ሴቶችን የክብደት ለውጥ ተከታትለው ጽፈዋል። ክብደት መቀነስ ከማረጥ በፊት ከሚመጣ የጡት ካንሰር ጋር ወጥ የሆነ ግንኙነት አልተገኘለትም። በቃ። ከ6 መቶ ሺህ በላይ ሴቶች ውስጥ ተፈልጎ ያልተገኘ ነገር ነው በ21 ቀን ፓኬት የሚሸጥላችሁ።

ለምን እንዲህ ሆነ? የሚታወቀውን ያህል በቀላሉ ላስረዳ።

የወር አበባዋን የምታይ ሴት አብዛኛውን ኤስትሮጅን የምታገኘው ከኦቫሪዎቿ ነው። ስቧ የሚጨምረው ከዚያ አንጻር ትንሽ ነው። እንዲያውም ክብደቷ በጣም ከፍ ያለ ወጣት ሴት አንዳንድ ወር እንቁላል ሳታወጣ ልትቀር ትችላለች፤ ያን ጊዜ ጡቷ የሚያገኘው የሆርሞን መጠን ዝቅ ይላል። ይህ ከሚሰጡት ማብራሪያዎች አንዱ ነው፤ ሙሉው መልስ ግን ገና እየተጠና ነው። ካረጠች በኋላ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። ኦቫሪዎቿ ሥራ ያቆማሉ፣ ስቧ የኤስትሮጅን ዋና ምንጭ ይሆናል። ስብ በበዛ ቁጥር ኤስትሮጅኑ ይበዛል፣ ጡትም ዕረፍት አያገኝም። አንድ ዓይነት ስብ፣ አንድ ዓይነት ሴት፣ ዕድሜዋ ብቻ ሲለወጥ ትርጉሙ ይለወጣል።

አሁን ደግሞ ከወዲያኛው ጫፍ የሚመጣውን ላስቁም። ይህንን አንብቦ «ሲስተር ወፍሩ አለችን» ብሎ የሚያወራ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ኧረ አላልኩም! ጥናቱን የሠሩት ሰዎችም አላሉም፤ ክብደት መጨመርን እንደ መከላከያ አትውሰዱት ብለው ነው ያስጠነቀቁት። የዛሬዋ የ35 ዓመት ሴት ዕድሜ ከሰጣት ነገ 60 ትሆናለች፤ በ30ዎቹና በ40ዎቹ የተከመረው ኪሎ አብሯት ይሻገራል። ከዚያ ማዶ ደግሞ ኪሎው ጠላት ነው። ስኳሩ፣ ደም ግፊቱ፣ ልቡ፣ ጉልበቱ፣ የማሕፀን ካንሰሩ ሳይቆጠር ማለት ነው። የጡት ካንሰር ከያዛትም በኋላ ከልክ በላይ ወፍራም የሆነች ሴት በሕይወት የመቆየት ዕድሏ ዝቅ ይላል፤ ያረጠችም ያላረጠችም።

ክብደት መቀነስ የጡት ካንሰርን ዕድል ዝቅ የሚያደርግበት ዕድሜም አለ። እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ ሌላ ጥናት 50 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆኑ ከ180 ሺህ በላይ ሴቶችን ተከታትሎ ነበር። ከ9 ኪሎ በላይ ቀንሰው፣ የቀነሱትን ሳይመልሱ የቆዩ ሴቶች ክብደታቸው ካልተለወጠው ይልቅ በጡት ካንሰር የመያዝ ዕድላቸው በ26 በመቶ ዝቅ ብሏል። ከ2 እስከ 4 ኪሎ ተኩል የቀነሱት እንኳ 13 በመቶ። ስለዚህ እናቶቻችንን፣ አክስቶቻችንን፣ እኔን ራሴን ጨምሮ «ኪሎ ቀንሱ፣ ለጡታችሁም ይጠቅማችኋል» ብትሉን ልክ ናችሁ። ልብ በሉ፦ «ሳይመልሱ የቆዩ» ነው የሚለው። ለሠርግ ቀንሶ ለመልስ መመለስ አይደለም።

እንግዲህ እውነቱ ይኸው፣ ያለ ሻይ፣ ያለ ጋዋን፦ ወጣት ሆነሽ ክብደትሽን ብትጠብቂ ለብዙ ነገር ይጠቅምሻል፣ ስታረጪም ከጡት ካንሰር ዕድልሽን ያቀልልሻል። ዛሬ፣ በ32 ዓመትሽ፣ ከሚመጣ የጡት ካንሰር ግን አይከልልሽም። ስለዚህ ቀጠንሽም ወፈርሽም ጡትሽን ታዪዋለሽ።

«ታዲያ ምን ይለያል? ዞሮ ዞሮ መቀነሱ ጥሩ ከሆነ፣ በጡት ካንሰር አስፈራርተን ብናስቀንሳቸው ምን አለበት?» የሚል መልእክት በኢንቦክስ ደርሶኛል፤ የላከው የጤና ባለሙያ ነው። ይህ ክርክር ቀና ይመስላል። አይደለም። እዚህ አገር ላይ ሴት የሚገድል ክርክር ነው። ለምን እንደሆነ ልናገር።

አንደኛ፣ እኛ ጋ የጡት ካንሰር የሚይዘው ማንን ነው? እ.ኤ.አ. በ2014 በታተመ የጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ታካሚዎች ጥናት ላይ ከነበሩት 1,070 ሴቶች፣ የመካከለኛዋ ዕድሜ 43 ነበር። ግማሾቹ 43 ዓመትና ከዚያ በታች ነበሩ ማለት ነው። ገና የሚወልዱ፣ ገና የሚያጠቡ፣ ልጅ ከትምህርት ቤት የሚያመጡ፣ ዕቁብ የሚጥሉ ሴቶች። በአውሮፓና በአሜሪካ አብዛኞቹ ታካሚዎች ያረጡ ሴቶች ናቸው። እነሱ ለእነሱ የጻፉትን «ክብደትሽን ቀንሺ» የሚል ምክር እንዳለ ተርጉመን ለእኛ ልጆች ስንሰጥ፣ የአያትን መነጽር ለልጅ እንደ ማድረግ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በጥንቃቄ ልጨምር፦ የእኛ አገር ሕዝብ ወጣት ስለሆነ ነው በአብዛኛው የታካሚዎቹ ዕድሜ ዝቅ ያለው። ወጣት የበዛበት አገር ወጣት ታካሚ ይበዛበታል። ግን ለእኔ ክርክር ልዩነት የለውም፤ ሐኪም ፊት የተቀመጠችው ሴት 43 ዓመቷ ነው።

ሁለተኛ፣ የሴቶቻችን ሰውነት። እ.ኤ.አ. በ2016 የተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ ሴቶች 22 በመቶው ከሚገባው በታች ቀጭን፣ 8 በመቶው ደግሞ ክብደታቸው ከሚገባው በላይ መሆኑን ነው ያሳየው። አዲስ አበባ ላይ የወፍራሞቹ ቁጥር ከዚያ በጣም ከፍ ይላል፤ ይገባኛል፣ ማስታወቂያውም የሚሠራው ለአዲስ አበባ ነው። ግን ስልክ ገጠርም ገብቷል። «ቦርጭ የጡት ካንሰር ነው» የሚለውን ቪዲዮ የምትሰማው ቀጭኗ ሴት ምን ብላ ነው የምትደመድመው? «እኔን አይመለከተኝም» ብላ ነዋ! እናንተ ወፍራሟን አስፈራራን ስትሉ፣ ቀጭኗን አስተኛችኋት።

ይህ በሐሳብ የፈጠርኩት አይደለም። አንዲት የሠፈሬን ሴት ላንሳ፤ ስሟን አልጠራም። ከሲታ ናት፣ ከልጅነቷ ጀምሮ። ብብቷ ሥር እንደ ባቄላ ያለ ነገር አግኝታ ስምንት ወር ቆይታለች። ለምን ቆየሽ ስላት «ሲስተርዬ፣ ይሄ እኮ የወፍራሞች በሽታ ነው ሲባል ሰምቼ ነው። ደግሞ አያመኝም» አለችኝ። አያመኝም! ይቺ ቃል እዚህ አገር ስንት ሴት ቀብራለች። የጡት ካንሰር ሲጀምር አብዛኛውን ጊዜ አያምም። የማያምም እብጠት ነው በተለይ ሊያስፈራን የሚገባው።

ሌላም አለ። በሽታው ሲገፋ ሰውነት ይከሳል። ክብደት መቀነስ እንደ ድል በሚጨበጨብበት ዘመን፣ ሳታስበው ስምንት ኪሎ የቀነሰችን ሴት ቢሮ ውስጥ «አማረብሽ! ምን ተጠቅመሽ ነው?» ይሏታል። ማንም «ምን ሆነሽ ነው?» አይላትም። እናቶቻችን እኮ ያውቁ ነበር፤ «ከሳሽብኝ፣ ምን ነካሽ?» ብለው ይደነግጡ ነበር። ያንን ድንጋጤ በጭብጨባ ለወጥነው።

ሦስተኛ፣ ገንዘቡና ጊዜው። እነዚህን ሻዮች ልብ ብላችሁ እዩ። በየአገሩ ከሚሸጡት የማቅጠኛ ሻዮች ብዙዎቹ ውስጥ ያለው ሰናመኪ ነው፤ የሚያስቀምጥ ቅጠል። ሆድ ያጥባል፣ ውኃ ያስወጣል፣ ሚዛኑ ለሦስት ቀን ዝቅ ይላል፣ ከዚያ ይመለሳል። ስብ አልነካም። አያቶቻችን ኮሶ ጠጥተው ሲያጠባቸው ይውሉ ነበር፤ ቢያንስ የጠጡት ለኮሶ ትል እንደሆነ ያውቁ ነበር፤ «ከካንሰር ይጠብቃል» ብሎ የሸጠላቸው የለም። በእነዚህ ፓኬቶች የሚወጣው ብር አንዲትን ሴት ለስንት ጊዜ ታክሲ ከፍሎ ጤና ጣቢያ ያደርሳት ነበር? «ተከላክያለሁ» ብላ የምትቆይበት ወር ደግሞ በገንዘብ አይተመንም።

እዚህ ላይ ለተማሪዎቼ የምለው አለ። ለእናንተ ለይቼ ነው የምጽፈው፣ ሌሎቻችሁ ታገሡኝ።

ልጆቼ፣ ጋዋኑን የሰጣችሁ ሰው አመነን ብሎ ነው። ያቺ የ28 ዓመት ልጅ ብር የላከችው ለሻዩ አይደለም፣ ለጋዋኑ ነው። ነጋዴ ሆናችሁ ብትሸጡ አልከለክልም፤ ደመወዙ ምን ያህል እንደሆነ እኔም አውቀዋለሁ፣ በሱ ኖሬበታለሁ። በርበሬ ሽጡ፣ ጫማ ሽጡ፣ ማርም ሽጡ። ፍርሃት ግን አትሽጡ። የታመመ ሰው ፍርሃት ላይ ትርፍ የሚያገኝ ባለሙያ፣ ባለሙያነቱን እዚያው ነው የሸጠው። «ግማሽ እውነት ነው» አትበሉኝ። ግማሽ መጠን የተሰጠ መድኃኒት ምን እንደሚሠራ አብረን ተምረናል፤ በሽታውን ያስለምዳል እንጂ አያድንም። ግማሽ እውነትም እንደዚያው ነው።

ክሊኒክ ውስጥ ለምትሠሩት ደግሞ ሌላ ነገር አለኝ። አንዲት የ30 ዓመት ሴት ጡቴ ላይ እብጠት አለ ብላ ስትመጣ «ልጅ ነሽ፣ ወተት ነው» ወይም «ኪሎ ቀንሺ፣ ስብ ነው» ብላችሁ አትመልሷት። አብዛኛው የጡት እብጠት ካንሰር አይደለም፤ እውነት ነው። ግን አይደለም የሚባለው ከተመረመረ በኋላ ነው። በእጅ መርምሩ፣ ብብቷን ዳሱ፣ አልትራሳውንድ ላኳት፤ የወጣት ጡት ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ ማሞግራፊ ብዙ ጊዜ ጥርት አድርጎ አያሳይም፣ አልትራሳውንድ ይሻላል። ካስፈለገ በመርፌ ናሙና ይወሰድ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባስጀመረው የጡት ካንሰር ዕቅድ፣ ሴቲቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ከመጣችበት ቀን እስከ ምርመራው ውጤት ድረስ ከ60 ቀን እንዳይበልጥ ይላል። 60 ቀን! እኛ ጋ አንዳንዷ 60 ቀኑን ሪፈር ወረቀቷን ይዛ ከቢሮ ቢሮ ስትዞር ትጨርሰዋለች።

«እሺ ሲስተር፣ መቀነሱ ካልጠቀመ፣ ወጣቷ ሴት ምን ታድርግ?» የሚል ካለ፣ የሚታወቀው ይኸው።

መንቀሳቀስ። ሚዛኑ አንድ ኪሎ ባይቀንስም። ከ547 ሺህ በላይ ያላረጡ ሴቶችን ያካተተ ጥናት፣ በትርፍ ጊዜያቸው ብዙ የሚንቀሳቀሱት ትንሽ ከሚንቀሳቀሱት ይልቅ ከማረጥ በፊት በጡት ካንሰር የመያዝ ዕድላቸው 10 በመቶ ገደማ ዝቅ ያለ መሆኑን አሳይቷል። ብዙ አይደለም፣ ግን እውነት ነው፣ ደግሞ አይከፈልበትም። አየር ላይ እንጂ ፓኬት ውስጥ ስለሌለ ማስታወቂያ የለውም።

ማጥባት። ከ30 አገሮች የተሰበሰቡ 47 ጥናቶችን ያጠቃለለው ትልቅ ሥራ አንዲት ሴት በጠቅላላው ላጠባችበት ለያንዳንዱ 12 ወር የጡት ካንሰር ዕድሏ ከ4 በመቶ በላይ እንደሚቀንስ አግኝቷል። አሁን ጮክ ብዬ ልጠይቅ፦ ስለ ቦርጫችን የሚጨነቁት ሁሉ ስለ ማጥቢያ ጊዜያችን ለምን አይጨነቁም? በአሠሪና ሠራተኛ ሕጉ እናት ከወለደች በኋላ የምታገኘው 90 ቀን ነው። ከዚያ በኋላ ቢሮ ተመልሳ ወተቷን የምታልበው መጸዳጃ ቤት ውስጥ ቆማ ነው። ለጡት ካንሰር ወር ሮዝ ቲሸርት የሚያሠሩ መሥሪያ ቤቶች አንዲት በር ያላት ክፍልና አንድ ወንበር ያዘጋጁ። ከቲሸርቱ ይረክሳል።

መጠጥ። ይህንን ስል ፊታችሁ እንደሚጠቁር አውቃለሁ። አልኮል የጡት ካንሰር ዕድልን ይጨምራል፤ ቢራም፣ ወይንም፣ ጠጅም፣ አረቄም። በቀን አንድ መጠጥ እንኳ ዕድሉን በ7 በመቶ ያህል ከፍ እንደሚያደርግ የታወቀ ነው። «ቦርጭ እንዳያወጣ ላይት ቢራ ነው የምጠጣው» የምትሉኝ እህቶቼ፣ ጡታችሁ ካሎሪውን አይደለም የሚቆጥረው፣ አልኮሉን ነው።

የቤተሰብ ታሪክ። እናትሽ፣ እህትሽ ወይም አክስትሽ በጡት ወይም በኦቫሪ ካንሰር ተይዘው ከነበረ፣ በተለይ በወጣትነታቸው ከሆነ፣ ይህንን ለሐኪም ንገሪ። በዘር የሚወረሰው ከጠቅላላው ከ5 እስከ 10 በመቶ የሚሆነው ነው፤ ግን አንቺ ከዚያ ውስጥ ከሆንሽ ክትትልሽ የተለየ መሆን አለበት። የቤተሰብ በሽታ መደበቅ እኛ ጋ ባህል ነው፤ «እንዳይሰማብን» እንላለን። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ያሉን ግን እነዚያው ወላጆቻችን ናቸው።

ከሁሉም በላይ ደግሞ ጡትሽን እወቂው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው፣ ከጡት ካንሰር ታካሚዎች ግማሽ ያህሉ ሴት ከመሆናቸውና ዕድሜያቸው ከ40 ከማለፉ በቀር ሌላ የተለየ አጋላጭ ነገር የለባቸውም። ግማሽ ያህሉ! ያልወፈሩ፣ ያልጠጡ፣ ወልደው ያጠቡ። ስለዚህ «ሁሉን በትክክል አድርጌያለሁ» ማለት ማምለጫ አይሆንም። ማምለጫው ቶሎ ማግኘት ነው። ሳይቃጠል በቅጠል።

የወር አበባሽ ካበቃ ከጥቂት ቀን በኋላ፣ ጡት በማያብጥበት ሰሞን፣ በመስታወት ፊት እዪው፣ በእጅሽም ዳሺው። እነዚህን ካየሽ ቀጠሮ አታራዝሚ፦ በጡት ወይም በብብት ውስጥ አዲስ እብጠት፤ የጡት ቅርጽ ወይም መጠን በአንድ ወገን መለወጥ፤ ቆዳው እንደ ብርቱካን ልጣጭ መሆን ወይም ወደ ውስጥ መሰርጎድ፤ ቀድሞ ወጥቶ የነበረ የጡት ጫፍ ወደ ውስጥ መግባት፤ ከጫፉ ደም ወይም ሌላ ያልተለመደ ፈሳሽ መውጣት፤ ጫፉ ላይ የማይድን ቁስል። ጸበል የምትሄጂ ከሆነ ሂጂ፣ ማንም አይከለክልሽም። ግን ጸበሉን ሐኪሙን ካየሽ በኋላ ወይም ከሐኪሙ ጋር አድርጊው። እግዚአብሔር በሁለቱም በኩል ይሠራል።

አሁን የመጨረሻውን ነገር ልናገርና ላብቃ። ይህ «ቀንሺና ዳኚ» የሚለው ንግግር ከሁሉ የሚከፋብኝ ለታመሙት ነው። አልጋ ላይ ላለችው ሴት ምን እያልናት ነው? «ብትቀንሺ ኖሮ» እያልናት ነው። በ38 ዓመቷ ጡቷን የተቆረጠች ሴት፣ ፀጉሯ የረገፈ፣ ኬሞው አፏን ያቆሰለው፣ ልጇን ማቀፍ ያቃታት፣ ጠያቂ መጥቶ «እኔስ ውፍረትሽን ሳይ ፈርቼ ነበር» ሲላት እዚያው ሆኜ ሰምቻለሁ። ሴትየዋ ዝም አለች። እኔ ግን ዝም አላልኩም፤ ዛሬም አልልም። በሳይንስም ትክክል አይደለም፣ በሰውነትም ነውር ነው።

ስለዚህ የምጠይቃችሁ ትንሽ ነገር ነው። ያቺን ቪዲዮ የላኩላችሁ ሰዎች ካሉ ይህንን ጽሑፍ መልሳችሁ ላኩላቸው። ከኔ ጋር የማይስማማ ባለሙያ ካለ በአስተያየት መስጫው ላይ ማስረጃውን ይዞ ይምጣ፣ በደስታ እንከራከራለን፤ ስድብ ግን እሰርዛለሁ። ሴቶች ልጆቼ ደግሞ፣ በዚህ ሳምንት አንዲት እህታችሁን፣ ጓደኛችሁን ወይም የቢሮ ባልደረባችሁን «ስንት ኪሎ ነሽ?» ከማለት ይልቅ «ጡትሽን ካየሽ ስንት ጊዜ ሆነሽ?» በሏት። እብጠት አለብኝ ካለቻችሁ ምክር አትስጧት፤ አብራችኋት ሂዱ። ወረፋው ረጅም ነው፣ ብቻዋን አትችለውም።

መልካም ሰንበት።